ከፋይ የተሰፋበት ቀበቶ

እኛ ሰዎች ጥሩ ዕቃ ስናገኝ ቶሎ የሚመጣልን እንዴት እንደምንጠቀምበት ሳይሆን እንዴት እንደምንሸፍነው ነው። ለቴሌቪዥኑ ዳንቴል፣ ለሶፋው አንሶላ፣ ለሪሞቱ ላስቲክ። የኔ ቤት ከእናንተ ይለያል አልልም፤ ቡፌዬ ውስጥ ከሠርጌ ጀምሮ እንግዳ የሚጠብቁ ብርጭቆዎች አሉ። መቼም እንግዳው ሳይመጣ እኛ እናልፋለን።

ባለቤቴ ተፈራም ቮልሱን እንደገዛ እዚሁ ነፋስ ስልክ ያለ ሰፊ ዘንድ ወስዶ ወንበሮቹን ቀይ ከፋይ አለበሳቸው። የፊተኞቹ ወንበሮች ቀበቶዎችም እንዳይቆሽሹ ተብሎ ከከፋዩ ሥር ተሰፋባቸው። ሰው ሲጠይቀው፣ አዲስ ናቸው፣ አልተነኩም ይላል። በኩራት።

እንዲህ ሆነን በሰላም ስንኖር ልጃችን መሠረት ኮሌጅ ገብታ፣ ለመመረቂያዋ መኪና ሲጋጭ ውስጡ ያለው ሰው በምን ከጉዳት እንደሚተርፍ ማጥናት ጀመረች። ጋራዥ ለጋራዥ እየዞረች የተጨረማመቱ መኪኖች ውስጥ አንገቷን ታስገባለች፤ ከአደጋ የተረፉ ሰዎችን የት ተቀምጠው እንደነበር፣ ምን እንደመታቸው ትጠይቃለች። እራት ላይ ያንን ስትተርክልን ጉርሻዬን ወደ ትሪው እመልሳለሁ። በሀና ማርያም ንግሥ ዋዜማ ታዲያ ቆርጣ ተነሳች፤ ቀበቶዎቹ ካልወጡ በእግሬ እሄዳለሁ እንጂ ቮልሱ ውስጥ አልገባም አለች።

ንግሥ ተለያይተን ሄደን አናውቅም። ተፈራ ደግሞ በነዳበት ዘመን ሁሉ ዶሮ እንኳ አልገጨም፤ እሱ አጠገብ ቀበቶ ማሰር በአደባባይ አላምንህም ማለት መሰለው።

«አባዬ፣ አንተን አልጠረጠርኩም» አለችው። «መኪናው ሲቆም ውስጡ ያለው ሰው አብሮ አይቆምም። ያጠናሁት ይኸንን ነው።»

«የኔ መኪና ሲቆም ሁሉም ይቆማል» አለ፤ ተኮራርፈው አደሩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሞኙ የትኛው እንደሆነ ግን በኔ ቤት መናገር አይቻልም።

ጠዋት እመቤቴን ለምኜ ምላጭ አነሳሁና የራሴን ወንበር ከፋይ ተረተርኩ። ፈሪዋ እኔ ልሁን አልኩ። የሹፌሩን ወንበር ግን ተፈራ አላስነካም። መሠረት የኔን መታሰር ስታይ ልቧ ራራና፣ ከኋላ ቀበቶ ስለሌለ የወንበሬን ጀርባ ጥርቅም አድርጋ አቅፋ ተቀመጠች።

«እንደ ሙክት ታስረሽ ለማርያም ልትቀርቢ ነው?» እያለ ሲያሾፍብኝ፣ ሀና ማርያም ልንደርስ ስንል አንዲት አህያ መንገዱ ውስጥ ዘው አለች። ፍሬን ያዘ። ቮልሱ ቆመ፤ አህያዋም ቆመች፤ እኔም ባለሁበት ቆምኩ።

ተፈራ አልቆመም።

ግንባሩ መሪው ላይ አርፎ ወዲያው ሎሚ የሚያህል እብጠት አወጣ። ደግነቱ ከዚያ ሌላ ምንም አልሆነ፤ ተመስገን። መሠረት የጥናቷ ማስረጃ አጠገቧ ሲያብጥ እያየች ከንፈሯን ነከሰች። እኔ ነኝ ያሳደግኳት።

ደጀ ሰላሙ ላይ የነፍስ አባታችን አይተውት ደነገጡ። «ምን ሆነህ ነው ልጄ?»

«ስሰግድ ነው አባ።»

አባ እብጠቱን አዩት፤ እኛን አዩን፤ መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ ቀስ አድርገው አሳረፉለት። «በእመቤታችን በዓል ስግደት የለም እኮ» አሉት።

ስንመለስ ተፈራ ቮልሱ ውስጥ ገባ፤ ሞተሩን ግን አላስነሳም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የወንበሩን ስፌት በጥርሱ መፍታት ጀመረ። እኔና መሠረት በየመስኮታችን ምእመኑን እናይ ጀመር። ባል ሐሳቡን ሲለውጥ ትክ ብሎ ማየት ደግ አይደለም፤ እልሁ ይመለስበታል።