በር እያዩ የሚቀራ አልሐምዱ

እህቶቼ፣ ይህን ደብዳቤ የምታነብላችሁ ሐዋ ናት። ሐዋ፣ አስቀድመሽ ለብቻሽ አንብቢውና ሳቅሽን ጨርሺ። አለዚያ መሃል ላይ ታቋርጪያለሽ፤ ዛሬ ያዋረደኝ ደግሞ ይኸው ማቋረጥ ነው።

አዎ፣ ተዋርጃለሁ። በዓልዩ አምባ ሴቶች ሁሉ ፊት።

ያውም በገዛ ልጄ።

ከእናንተ ተለይቼ ከደብረ ብርሃን ወደ ባለቤቴ አገር ወደ ዓልዩ አምባ ከወረድኩ በኋላ፣ ከሸኹ ባለቤት ከእትዬ ዘይነባ ዘንድ ተጅዊድ መማር እንደጀመርኩ ጽፌላችሁ ነበር። ቁርኣን ሲቀራ የትኛው ድምፅ እንደሚረዝም፣ የትኛው እንደሚያጥር፣ የት እንደሚቆምና የት እንደማይቆም የሚያስተምረው ደንብ ነው። እኔ ለካ እስከዚያ ቀን የምቀራው በሩጫ ነበር። የመጀመሪያ ቀን እትዬ ዘይነባ አዳመጡኝና “ማን እያባረረሽ ነው?” አሉኝ።

ጠባዬን ታውቃላችሁ። ወጡን ሦስት ጊዜ ቀምሼ ጨው የምጠራጠር፣ በር ዘግቼ ከመንገድ ተመልሼ የምገፋ ሰው ነኝ። ደንብ ሲሰጡኝ ደስ አለኝ። የሚረዝመውን ድምፅ ጣት በማጠፍ ነው የሚለኩት። የቁርኣን መክፈቻ ሱራ የሆነው የአልሐምዱ መጨረሻ፣ “ወለድዷሊን” የሚለው ላይ፣ ስድስት ጣት ይፈጃል። የእኔ አንድ እጅ ደግሞ ሁልጊዜ ሕፃኑን እንደታቀፈ ነው። ስለዚህ በእሱ እግር ጣቶች መቁጠር ጀመርኩ። አምስቱን በአንዱ እግሩ፣ ስድስተኛውን በሌላኛው።

ስድስተኛው ላይ ሁልጊዜ ይስቃል።

እንዲህ ተጠንቅቄ የተማርኩትን ነው ለከዲጃ የማስተምራት። ስምንት ዓመቷ ነው። ጣልያን አባቷን ከነበቅሎዎቹ ለመንገድ ሥራ ወደ ደብረ ሲና የወሰደው ጊዜ፣ አባቷ በሩ ላይ ዞር ብሎ “ስመለስ አልሐምዱን ሳትሳሳት ትቅራልኝ” አለኝ። ሌላ ነገር አላለም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አለፈ።

እትዬ ዘይነባ ደግሞ አልሐምዱን ያላስተካከለች ልጅ ወደ ሌላ ሱራ አያሳልፉም። ዛሬ ጧት የከዲጃ ተራ ነበር።

ፀጉሯን ሠርቼ፣ ሻሿን አጥቤ ወሰድኳት። መንገድ ላይ በማሳሰቢያ እረፍት ነሳኋት።

“የሚረዝመውን እንዳታሳጥሪው።”

“እሺ።”

“ጣትሽን እያጠፍሽ ቁጠሪ።”

“የማንን ጣት?” አለች፤ የወንድሟን እግር እያየች።

“የራስሽን ነዋ!”

የእትዬ ዘይነባ ቤት ሙሉ ነበር። ከዲጃ መሃል ላይ ተቀመጠችና ጀመረች። እህቶቼ፣ ምን ብዬ ልንገራችሁ? የሚረዝመው ረዘመ፣ የሚያጥረው አጠረ። ጎረቤቴ ራህማ በክርኗ ነካ አደረገችኝ። እኔም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አንገቴን ትንሽ ቀና አደረግኩ።

“ሲራጠ ለዚነ…” አለችና ቆመች።

አንገቷን ወደ በሩ አዞረች። ጆሮዋን ቀሰረች። ሁለት ጊዜ ያህል ተነፈሰች። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ተመልሳ እስከ መጨረሻው ቀራችው፤ ስድስቱንም ጣት አጥፋ።



“ልጄ፣ ‘የእነዚያን ሰዎች መንገድ’ ብለሽ የት ሄድሽ?” አሉ እትዬ ዘይነባ። “የየትኞቹን ሰዎች? መንገድ ላይ ጥለሽን ጠፋሽ እኮ።”

“እዚያ ጋ ይቆማል” አለች ከዲጃ፣ እርግጠኛ ሆና።

“ማን አለሽ?”

“ደንቡ ነው። በሩን ያዩና ቃጭል ያዳምጣሉ። ካልሆነ ይቀጥላሉ። እማዬ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምትቀራው።”

ሳቁን የጀመረችው ራህማ ናት። ከዚያ ቤቱ በሙሉ። አንዷ አሮጊት እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ “ይህ ደግሞ የየት አገር አቀራር ነው?” አሉ።

እኔ? ሕፃኑን ከፍ አድርጌ ፊቴን ሸፈንኩበት። ልጅ ለዚህም ይጠቅማል።

የምክደው ነገር የለም። ሲራጥ ማለት መንገድ ነው ብለው ካስረዱን ቀን ጀምሮ፣ እዚያ ቃል ላይ ስደርስ ጆሮዬ ብቻውን ከቤት ይወጣል። ቤታችን ወደ አንኮበር በሚወጣው መንገድ ዳር ነው፤ እኔና ከዲጃ በምንለማመድበት በአስር ሰዓት በቅሎ ይበዛበታል። የእኛ የፊተኛዋ በቅሎ ቃጭሏ የተሰነጠቀ ነው፤ እንደ ቆርቆሮ ነው የሚጮኸው። እሱን አዳምጣለሁ። እሱ አለመሆኑን ሳውቅ እቀጥላለሁ።

እንደምቆም እንኳ አላውቅም ነበር።

ያን ሁሉ ጣት ሳጥፍ፣ ልጄ ከሁሉ አጥርታ የያዘችው ያንን ነው።

ሳቁ ሲበርድ እትዬ ዘይነባ “አሁን እናትየዋ ትቅራ” አሉ።

ጀመርኩ። “ሲራጠ ለዚነ” ላይ ቆምኩ። እንደገና ጀመርኩ። እንደገና ቆምኩ። በሦስተኛውም ዓይኔ በሩ ላይ ቀረ። አሁን የሚስቅ ሰው አልነበረም።

እትዬ ዘይነባ ከመደባቸው ተነሱ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ለማንም አይነሱም። ግድግዳውን ይዘው ሄዱና ደፍ ላይ ተቀመጡ፤ ጀርባቸውን ለእኛ፣ ፊታቸውን ለመንገዱ ሰጥተው።

“መንገዱን እኔ አይልሻለሁ” አሉ ሳይዞሩ። “አንቺ ቅሪ።”

ቀራሁ። ያቺን ቦታ አለፍኳት። ቀጥ ብዬ ሄድኩ፣ ሄድኩ፣ ሕፃኑ ስድስተኛው ጣቱ ላይ ሳቀ።

“የመጣ አለ?” አልኳቸው።

“አንድ አህያ” አሉ። “ደህና ቀርተሻል፤ ድገሚው።”

“የማን አህያ?”

ሁለተኛው ሳቅ ከመጀመሪያው ባሰ። በዚህኛው እኔም ነበርኩበት።

ከዲጃ አላለፈችም፤ በሚቀጥለው ትምህርት እንድትደግመው ተባለች። ግን ቆዩ። አስር ሰዓት ላይ ልንለማመድ ስንል፣ ማንም ሳይነግራት ሄዳ ደፋችን ላይ ቁጭ አለች።

“መጀመሪያ አንቺ ቅሪ፤ እኔ አዳምጥልሻለሁ” አለችኝ። “ከዚያ ደግሞ እንቀያየራለን።”

ተቀያየርን። ሁለታችንም ሳንቆም ጨረስን። አባቷ ያለው ሆኗል ማለት ነው። የቀረው የእሱ መምጣት ነው።

ከደብረ ሲና ሲመለስ ምናልባት በእናንተ በኩል ይዞር ይሆናል። እንደ ቆርቆሮ የሚጮህ ቃጭል ከሰማችሁ ወጣ ብላችሁ እዩልኝ፣ አደራ። ልጅህ አልሐምዱን ይዛለች በሉት።

ሶላት ላይ ከሆናችሁ ግን መጀመሪያ ጨርሱ።

ይህን የምላችሁ እኔ ነኝ። እስቲ ከእኔ አፍ ይህ ያምራል?