ታራምቢ ለአሜሪካዊው የዋለችው ውለታ

የስንዴ ጎተራዋ ከቤተ ክርስቲያኗ የሚረዝመው የገጠር ከተማ ታራምቢ ለዓለም ያበረከተችው ነገር ብዙ ነው። ሁሉን መዘርዘር ግን ከታወቀው ትሕትናዋ ጋር ስለማይሄድ እዚህ የሚነሣው አንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም ዴማርከስ ፔቲግሩ የተባለውን አሜሪካዊ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ከባዕድነት አውጥታ የአገር ልጅ ያደረገችበት ሥራ ነው። ይህን ውለታ የሚያጣጥሉ ሰዎች አልጠፉም። አብዛኞቹ ግን ከወንዙ ማዶ ያለችው ከተማ ሰዎች ናቸው፤ ከወንዙ ማዶ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ እውነት ተነግሮ አያውቅም።

ዴማርከስ ታራምቢ ሲደርስ ሠላሳ ዓመት አልፎት፣ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ መንቋቋት ጀምሮ ነበር። እንጀራውን ፍለጋ ፖላንድ ተጫውቷል፣ ኡራጓይ ተጫውቷል፣ ፊሊፒንስም ተጫውቷል። የሁሉም አገር ልማድ አንድ ነው፤ ሲመጣ አበባ፣ ሲያገባ ጭብጨባ፣ የውድድሩ ዘመን ሲያልቅ ደግሞ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደው መኪና በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ኡራጓይ ላይማ የቤት አከራይዋ ሻንጣውን ሳይዘጋ አዲሱን ተከራይ አስገብታበት፣ ካልሲውን የለቀመው ሰውየው ከተጋደመበት አልጋ ስር ነበር። ዴማርከስ በዚህ ማንንም አልተቀየመም። የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ውድድሩ ሲያልቅ ማንም የማይሸኘው አገር።

የከተማዋ ክለብ ኢሙዎች ይባላል። ኢሙ ረጅም፣ ፈጣን፣ ክንፍ እያለው መብረር የማይችል ወፍ ነው፤ ስሙን ያወጡት ሰዎች ተጫዋቾቻቸውን በሚገባ ያውቁ ነበር። ክለቡ ለውጭ ተጫዋች የሚያደርገው አቀባበል ግን ሌላ ነው። ለዴማርከስ ፎቶው በጎኗ የተለጠፈ መኪና ተሰጠው። ከመጠጥ ቤቱ ጀርባ ቤት ተሰጠው። ሐሙስ ሐሙስ መጠጥ ቤቱ የሳህኑን ጠርዝ የሚያልፍ ጥብስ ያለ ሂሳብ ያቀርብለት ጀመር። እሱ ሲስት ኳሷ ትመረመራለች፤ የአገሩ ልጅ ሲስት ግን እናቱ አንገቷን ደፍታ ከአዳራሹ ትወጣለች። ሽማግሌዎቹ፣ ይህ ሰው እኮ ሲቀመጥ እንኳ እንደ እኛ አይቀመጥም፣ እያሉ ይደነቁ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ወንበሩ ያጥረው ነበር።

ችግሩ ሕጉ ነው። የገጠሩ ሊግ ለአንድ ክለብ አንድ የውጭ ተጫዋች ብቻ ይፈቅዳል። የክለቡ ሊቀ መንበር ግሬም ሆስኪንግ፣ ጎማ ሻጭና የሐሳብ ሰው፣ ጎማ እየነቀለ ጎማ እየተከለ ነገሩን ሲያወጣ ሲያወርድ ከረመና ኮሚቴውን ሰበሰበ። ዴማርከስም ተጠራ። ግሬም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ለታሪክ እንደሚናገር ሰው ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣ ይህ ልጅ በልባችን ወንድማችን ከሆነ ሰንብቷል፣ የቀረው በሕግ ወንድማችን ማድረግ ነው፣ ዜግነት እናሰጠው፣ ታራምቢ ሰውን የምትወደው ለጥቅሙ ሳይሆን ለሰውነቱ ነው፣ አለ። ክፍት ስለሚሆነው የውጭ ተጫዋች ቦታ በሌላ ስብሰባ እንደሚነጋገሩም በመጨረሻ ጣል አደረገ። ዴማርከስ ይህን የመጨረሻውን አልሰማም፤ እያለቀሰ ነበር። የክለቡ ሻይ ቤት ኃላፊ ሎሬይን ቱሂ ቁራሽ ኬክ አስያዘችውና ጀርባውን መታ መታ አደረገችው።

ወዲያው የማላመጃ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ታራምቢ ንዑስ ኮሚቴ ሳታቋቁም ቋሊማ እንኳ አትጠብስም። ሕጉ የሚጠይቀው የነዋሪነት ዘመን እስኪሞላ ድረስ ኮሚቴው ዴማርከስን ሲያስተምረው ኖረ። ቬጂማይት የሚባለውን ጥቁር ጨዋማ ቅባት ዳቦ ላይ በስሱ መቀባት ተማረ፤ መጀመሪያ ቸኮሌት መስሎት ቆልሎ ሲጎርስ የደረሰበት በቃለ ጉባኤ አልሰፈረም። አምስት ቀን ሙሉ ተጫውተው ማንም ሳያሸንፍ የሚለያዩበትን ክሪኬት ማየትና ደስ የሚል ጨዋታ ነበር ማለት ተማረ። በባዶ እግሩ ሱቅ መሄድ ተማረ። ከሁሉ የከበደው ራስን ዝቅ የማድረጉ ትምህርት ነበር። አሜሪካዊ ስሙን ሲነግርህ ገድሉንም አብሮ ይነግርሃል፤ ታራምቢ ላይ ደግሞ ከሌላው ቀና ያለ ይቀነጠሳል። ሠላሳ ነጥብ አግብቶ ሲወጣ፣ እንዴት ነበርክ ሲሉት፣ ደህና ነበርኩ አለ፤ አጨበጨቡ። በሌላ ጊዜ፣ ባጋጣሚ ገባልኝ አለ፤ ተቃቀፉ። ከሁለት ሜትር በላይ ለሚረዝም ሰው ይህ ቀላል አይደለም፤ ዴማርከስ ግን ትጉህ ተማሪ ስለነበር ጎንበስ ማለት ለመደ።

ቀኑ ደረሰ። ከንቲባዋ የሹመት ሰንሰለቷን አጥልቃ አስማለችው፣ የባሕር ዛፍ ችግኝም አስታቀፈችው። ብሔራዊ መዝሙሩ ሲዘመር ሁለተኛው አንጓ ላይ አገሬው በሙሉ ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቀሰ፤ ቃሉን የሚያውቀው ዴማርከስ ብቻ ስለነበር ድምፁ ብቻውን ቀረ። ግሬም በእንባ ታጥቦ አቀፈውና፣ ከዛሬ ጀምሮ በአንተና በእኛ መካከል ልዩነት የለም አለው። ግሬም ብዙ ነገር ይላል። ይህን ግን ቃል በቃል ፈጸመው።

ሰኞ ጠዋት ዴማርከስ ከቤት ሲወጣ መኪናዋ የለችም። በእግሩ ጎማ ቤቱ ድረስ ሄደ። መኪናዋ እዚያ ቆማለች፤ ግሬም ከጎኗ ፎቶውን በቢላ እየፋቀ ነው። የቀረው ጆሮው ብቻ ነበር።

"ምን እያደረግህ ነው?" አለው ዴማርከስ።

"መጣህ ወንድሜ? እስቲ ያችን ጠርዝ ያዝልኝ።" ዴማርከስ ያዘለት። "ለውጭ ተጫዋች የምትሰጥ መኪና ናት። አዲሱ ልጅ ሐሙስ ይገባል።"

"እኔስ?"

"አንተማ የአገር ልጅ ነህ። የአገር ልጅ የራሱ መኪና አለው።"

"የለኝም እኮ ግሬም።"

"ትገዛለሃ። ጎማውን ከእኔ ትወስዳለህ፣ እንደ ቤተሰብ።"

ቤቱም መኪናዋን ተከትሎ ሄደ፤ ሎሬይን ግን ሩኅሩኅ ሴት ስለሆነች ጋራዧን ጠርጋ አልጋ ዘረጋችለት፣ እግሩ ከአልጋው ለሚያልፍበትም ወገን በድንጋይ ከፍ ያለ ሣጥን አስጠጋችለት። ሐሙስ መጠጥ ቤት ሲቀመጥ ጥብሱ ከነሂሳቡ መጣ። ደመወዙን በተመለከተ ኮሚቴው የአገር ልጅ የሚጫወተው ለፍቅር መሆኑን አስታውሶት፣ ቀን ቀን ጎተራው ላይ ስንዴ እንዲጭን ሥራ አፈላለገለት። ሎሬይንም፣ ቅዳሜ ከጨዋታው በፊት ቋሊማ የመገልበጥ ተራህ ነው የኔ ሸጋ፣ አለችው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚሉ ሰዎች ታራምቢን ያማሉ። ሐሜት ነው፤ ታራምቢ መዳብን እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

ዴማርከስ ተናደደ፤ ውርደት ተሰማው። ሌሊት ጋራዡ ውስጥ የሳር ማጨጃውን እየተመለከተ፣ ቢሆንም ማንም አይሸኘኝም፣ እያለ ራሱን አጽናና። አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ሜዳው። እስካሰለፉት ድረስ ጋራዡም ስንዴውም ቋሊማውም ይቻላል። ሜዳውን ከወሰዱበት ግን እዚህ ምን እንደሆነ ለራሱም መንገር አይችልም።

አዲሱ አሜሪካዊ ጃቮን ስትሪክላንድ ከጆርጂያ የመጣ ሃያ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። የሚጫወተው ልክ እንደ ዴማርከስ ነበር፤ በዚያው እግር ይነሣል፣ በዚያው እጅ ይሰካል፣ በዚያው ማዕዘን ይስታል። አዳራሹ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ እንደማያውቅ ሁሉ እስትንፋሱን ዋጠ። አንድ ቀን ዴማርከስ ከጃቮን የበለጠ አግብቶ ሲወጣ ሽማግሌዎቹ፣ እሱማ ሁልጊዜ ያገባል፣ ብለው ወደ ጃቮን ቸኮል ቸኮል እያሉ ሄዱ። ነቢይ በአገሩ አይከበርም እንደተባለው፣ ዴማርከስም ለመናቅ አገር ማግኘት ነበረበት። ከወር በኋላ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ እረፍት ሊያደርግ የመጣው ጃቮን በትሕትና፣ እዚህ ነው የተወለድከው አይደል፣ ሲል ጠየቀው። ዴማርከስ ፎጣውን አቀበለው። ደስ አለውም፣ አመመውም።

የከፋው ግን ሌላ ነው። እዚያ ወንበር ላይ ሆኖ ጃቮንን ሲያይ ሲያይ፣ ልጁ ውስጥ አንድ ነገር ማየት ጀመረ። ምን እንደሆነ ስም ሊያወጣለት አልቻለም። ብቻ የአገር ልጅ የሌለው ነገር ነበር።

የውድድሩ ዘመን አልቆ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። ዴማርከስ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ቦታዬ ይመለስልኝ ሊል ቆርጦ መጣ። ግሬም ደግሞ ከሚስቱ ጋር ተጎታች ቤቱን ይዞ አገር ሊዞር ስለሆነ ሊቀ መንበርነቱን መልቀቁን ተናገረ። ቦታው ክፍት ነው ሲል ጉባኤው በሙሉ አቀርቅሮ የጫማውን ክር ያጠና ጀመር። ንዑስ ኮሚቴው ለዴማርከስ ያላስተማረው አንድ ልማድ ቢኖር ይኸው ነው፤ ታራምቢ ውስጥ በዚህች ሰዓት አፉን የከፈተ ይሾማል፣ ሊያማርር የከፈተ ደግሞ ቶሎ ይሾማል። ዴማርከስ ተነሣ።

"አንድ ቅሬታ አለኝ" አለ።

"እጩ አገኘን" አለ ግሬም፣ ሸክም እንደወረደለት አህያ እየተፍታታ።

"እደግፋለሁ" አለች ሎሬይን።

"ሌላ እጩ?" ሁሉም ወደ ጫማው ተመለሰ።

"ቅሬታዬን ገና አልተናገርኩም እኮ።"

"ሊቀ መንበር ሆነህ ትሰማዋለህ" አለው ግሬም፣ የአዳራሹን ቁልፍ እጁ ላይ እያኖረ።

እንዲህ ሆኖ ዴማርከስ ከመድረኩ ጠረጴዛ ኋላ ተቀመጠ። የታራምቢ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ እሱ አዙሮ፣ ምን ይለን ይሆን፣ ብሎ ይጠብቃል። ሦስት አገር አጨብጭቦለታል፤ ቁልፍ የሰጠው አገር ግን አልነበረም። እጅግ ደስ አለው።

ቀጣዩ አጀንዳ የመጪው ዘመን ቡድን ነበር። ሎሬይን ሊጉ ሕጉን ማሻሻሉን አስታወቀች፤ ከእንግዲህ አንድ ክለብ ሁለት የውጭ ተጫዋች ማሰለፍ ይችላል። አዳራሹ አጨበጨበ። ይህ ከሆነ ያ ሁሉ መሐላና ችግኝ ለምን አስፈለገ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ዴማርከስ ራሱ፣ አሜሪካዊ ሆኜ ብቆይ ኖሮ ዛሬ ከጃቮን ጎን እሰለፍ ነበር፣ የሚል ሐሳብ ሽው አለበት። ወዲያው ግን አባረረው፤ የራስን ጥቅም ማስቀደም የአሜሪካውያን ጠባይ ነው።

"እንግዲህ ከመረብ ስር ለሚሰለፈው ሁለተኛ አሜሪካዊ ቦታ መልቀቅ ያለበት ሰው አለ" አለ ግሬም ከፊት ወንበር። "እዚያ ቦታ ያለን የአገር ልጅ ማን ነው?"

"ዴማርከስ ነው" አለች ሎሬይን ወደ መሬት እያየች።

ሁሉም ወደ ሊቀ መንበሩ ዞረ። ሊቀ መንበሩ ቁልፉን በእጁ አገላበጠ። የመጣበትን ጉዳይ አልዘነጋውም፤ አሁን አንድ ቃል ቢናገር ቦታውን ያስከብራል፣ የሚቃወመውም አልነበረም። ነገር ግን ይህ ሁሉ ዓይን የሚያየው እንደ ራሱ ሰው ነው፤ የእነሱ ሰው ደግሞ እዚህ ላይ ምን እንደሚል ከማንም በላይ ያውቃል። አገጩን አሸት አደረገ፣ ጣሪያውን አየ።

"ጥሩ ልጅ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ትጉህ ነው። ሰው አክባሪ ነው። ግን ያው... የአገር ልጅ ነው። የምንፈልገው ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ነገር ነው።"

አዳራሹ በመግባባት ራሱን ነቀነቀ። እጅ አውጡ ሲባል ቀድሞ የወጣው የሊቀ መንበሩ ነው፤ ክንዱም ረጅም ስለሆነ ከኋላ የተቀመጡት ሳይቀሩ አይተው ተከተሉት። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ግሬም እንደገና እንባው መጣ፤ የንዑስ ኮሚቴው ልፋት ፍሬ ማፍራቱን ያን ጊዜ ነው የተረዳው።

"እሺ፣ ማን ይነግረዋል?" አለች ሎሬይን ዓይኗን እየጠረገች። "ልቡ ነው የሚሰበረው።"

"እኔው እነግረዋለሁ" አለ ዴማርከስ። "ይከፋዋል፤ ግን የአገር ልጅ ነው፣ የት ይሄዳል?"