መንግሥት መዝኖ የመለሰኝ ቀን

ከማንጎው ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥዬ ሳለሁ የተቆጣጣሪዎቹ ላንድሮቨር ግቢ ገባች። የክሊኒኩ ድሬሰር ቶማ እኔን የደገፈበትን እጁን ለቅቆ ቀጥ ብሎ ቆመ። ዘበኛውም ቆመ። እኔም መቆም ፈልጌ ነበር፤ ምን ዋጋ አለው፣ ከእግሬ ሥር መሬት የለም። እግሮቼን በጆንያ ቀዳዳ አውጥቼ፣ ከሙዝ ሚዛን ላይ ተሰቅዬ፣ ቀስ እያልኩ ዞርኩ። ለእንግዶቹ መጀመሪያ ጀርባዬን፣ ቀጥሎ ጎኔን፣ በመጨረሻ ፊቴን አሳየኋቸው። ከጎረቤት ጋር እንኳ ብዙ የማላወራ ሰው ነኝ። እዚህ ጉድ ውስጥ ምን አስገባኝ?

ነገሩ የመለካት ነገር ነው። በዚያ ዘመን የማይለካ ነገር አልነበረም። ንቃታችን በስብሰባ ላይ በምናጨበጭበው ይለካል። የክሊኒካችንም ጥራት ይለካል። በፊት የመጡት ተቆጣጣሪዎች አጥሩን አይተው፣ ቀለሙን በጣት ነክተው፣ ክሊኒካችሁ ጥሩ ነው ብለው ሄዱ። አጥሩ በእርግጥ ጥሩ ነበር። አንድም ቀን ታሞ አያውቅም።

ኋላ ግን ሌላ መመሪያ መጣ። ክሊኒክ የሚለካው በሕፃናቱ ነው ተባለ፤ በየወሩ ይመዘኑ፣ የከሳው የዱቄት ወተት ይውሰድ። ይኼኛውስ ደስ አለኝ። የልጄ ልጅ ዳዊት ከስቶ ከስቶ ዓይኑ ብቻ ቀርቶ ነበር። ወተቱ መጋዘን ውስጥ ተከምሯል፤ ላልተመዘነ ልጅ ግን አይሰጥም። የክሊኒኩ ሚዛን ደግሞ አልመጣም። ቶማ ምን ያድርግ? ከኩልፎ ወንዝ ዳር ገበሬዎች የሙዙን ሚዛን ተውሶ አመጣና ማንጎው ላይ ሰቀለው። ለሕፃናቱ መቀመጫ ጆንያ ቀደደላቸው።

እናቶቹ ሚዛኑን ሲያዩ ልጆቻቸውን እንዳዘሉ ተመለሱ። ያውቁታላ። እዚያ ላይ የወጣ ነገር ሁሉ መኪና ላይ ይጫናል፤ ሙዙም፣ ጥጡም፣ የኮታው እህልም። ምራቴ ማርታ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ምክንያት ነበራት። ባሏን፣ ልጄን ማለቴ ነው፣ ለብሔራዊ ውትድርና የጠሩት ጊዜ መጀመሪያ ያደረጉት ምን ነበር? መዘኑት። ከዚያ ወሰዱት። ልጁን እንውሰደው ስላት፣ "አባባ፣ መንግሥት መዝኖ የመለሰው ነገር ካለ ይንገሩኝና አሁኑኑ እወስደዋለሁ" አለችኝ።

አሰብኩ። ጥጡ? አልተመለሰም። ልጄ? ገና ነው። ሸማኔ ነኝ፤ ዕድሜዬን እግሬን ጉድጓድ ውስጥ ከትቼ፣ ከክር ጋር ነው የኖርኩት፤ ክርክር አልችልም። ቶማ ዘንድ ሄድኩና እኔን መዝነኝ አልኩት።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደረሰ። ሴቶቹ አጥሩ ጋ ተሰብስበው ይጠብቃሉ። ማርታ ዳዊትን እንዳዘለች ከሁሉም ኋላ፣ ለሩጫ በሚመች ቦታ ቆማለች።

እንዲህ ሆኖ ነው የተሰቀልኩት። የተቆጣጣሪዎቹ አለቃ ዞረኝ። እኔም ዞርኩለት። ይኼ ምንድን ነው ሲል ቶማ ደንግጦ "ሕፃን ናቸው፣ ጓድ" አለ። አለቃው ወደ እኔ ቀና ብሎ፣ "አባት፣ የክሊኒኩን አገልግሎት እንዴት ያገኙታል?" ብሎ ጠየቀኝ። እኛ ዘንድ ለዚህ ጥያቄ ያለው መልስ አንድ ነው፤ ጥሩ ነው፣ ተመስገን። እንግዳ ፊት ሰው ማሳፈር ነውር ነው። እኔን ግን ጆንያው ጭኔን ይዞኛል።

"ይቆርጣል" አልኩት።

እንዲህ ብሎ የመለሰለት ሰው አልነበረም መሰለኝ። "ሌላስ?" አለኝ። ሴቶቹ እየጠበቁ ነው፣ ትወስዱኛላችሁ ወይስ ትመልሱኛላችሁ አልኩት።

ወደ አጥሩ አየ። ዛሬ ቀለሙን አይደለም፤ ከበስተኋላው ያሉትን እናቶች ነው። እኔ መልሱን እየጠበቅሁ አንድ ዙር ጨመርኩ። ማርታ ነጠላዋን አጠበቀች። አለቃው ቶማን የሚዛኑን መርፌ አስነበበውና፣ እናቶቹ በሚሰሙት ድምፅ፣ አውርዷቸው፣ ወደ ቤታቸው ይሂዱ አለ።

እንደዚያን ቀን አካሄዴ ንጉሥም አልሄደም። በበሩ ወጥቼ በሴቶቹ መካከል አለፍኩ። አንዲት አሮጊት ክንዴን ቆንጥጣ እኔው መሆኔን አረጋገጠች፤ ሙሉውን መልሰውታል ብላም ለሌሎቹ አስታወቀች። ማርታ ጋ ስደርስ፣ ዳዊትን ከጀርባዋ ፈትታ ሰጠችኝና፣ እርስዎ ይያዙት፣ ከእጅዎ እንዳይለቁት አለችኝ። ተመዘነ። አለቀሰ። ተመለሰ። ወተቱን ተሸክመን ስንወጣ ማንጎው ሥር ሰልፍ ሆኗል፤ ማንም ያልቀሰቀሰው፣ መፈክር የሌለው ሰልፍ።

ጆንያው ተጣለ። በምትኩ ጠርዙ ሰፊ የሆነ የጥጥ ማንጠልጠያ ሠራሁ፤ ቀይና ቢጫ ጥለትም አገባሁበት። የተቆጣጣሪዎቹ ሪፖርት ሲመጣ ቶማ አነበበልኝ፤ አጥሩ አሁንም ተመስግኗል። ይመስገን፤ ሕዝቡን ደግፎ ቆሟል።

ማርታ ግን የሚዛኑ አለቃ ሆና ቀረች። ተራ ታስይዛለች፣ የቀረችውን እናት ቤቷ ድረስ ሄዳ ታመጣለች፤ እኔንም በየወሩ ከሕፃናቱ ቀጥላ ትሰቅለኛለች። ዳዊት ጉንጭ ባወጣበት ወር መርፌውን አየች፣ እኔን አየች፣ አንድ ብርጭቆ ወተት አመጣችና አጠገቤ ቆመች።

"አባባ፣ ልጁ ጨምሯል፤ የቀነሱት እርስዎ ነዎት። ይኼን ወተት ሳይጨርሱ አላወርድዎትም።"