ሐኪሞች በራችን ላይ የተሰለፉ ዕለት

ትናንት ረፋዱ ላይ፣ ተቀምጬ እንዳለሁ፣ ሕልም አየሁ።

በሕልሜ ሰበታ፣ ቤታችን ነበርኩ። የግቢውን በር ስከፍት ሐኪሞች ተሰልፈዋል። ሰልፉ ከበራችን ተነሥቶ፣ የእትዬ አፀደን ሱቅ አልፎ፣ እስከ ወፍጮ ቤቱ ይደርሳል። ሁሉም ነጭ ጋዋን ለብሰዋል፤ የጋዋኖቹን ጫፍ ጭቃ ነክቶታል። በሰልፉ መሀል፣ በሰው ፈንታ፣ እዚህም እዚያም ድንጋይ ተቀምጧል። የማን እንደሆኑ ስጠይቅ አንድ መነጽር ያደረጉ ሐኪም በትሕትና አስረዱኝ። ትልቁ ድንጋይ የፕሮፌሰሩ ነው፤ ቁርስ ሊቀምሱ ሄደው ነው። ትንሹ ከጎንደር ለሚመጡ ሐኪም የተያዘ ነው፤ አውቶቡሳቸው ገና አልገባም።

ለምን እንደመጡ አልጠየቅኩም፤ አውቀዋለሁ። የመጡት ለወንድሜ ለምንተስኖት ነው። ምንተስኖት ዐሥራ አራት ዓመቱ ነው። ባለፈው ጥቅምት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጣ፣ ቦርሳውን አስቀመጠ፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል ከአፉ አልወጣም። ሰባት ወር ሆነው። ልጆችን የሚያይ የአእምሮ ሐኪም ፍለጋ የዞርኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። አሁን ሐኪሞቹ በራችን ላይ ናቸው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ፤ አንድ ነገር ተሳስቼ ሁሉም ተነሥተው የሚሄዱ መሰለኝ።

በሩን የምትጠብቀው የጎረቤታችን ልጅ ሶልያና ናት። ስድስት ዓመቷ ነው። የእያንዳንዱን ሐኪም ኪስ ፈትሻ ታስገባለች። መነጽር ያደረጉት ሐኪም ተራ ደረሰ።

«ልጅ ይዘሃል?» አለቻቸው።

«አልያዝኩም፣ እመቤቴ። ብቻዬን ነው የመጣሁት።»

«ትልቅ ሰው ያለ ልጅ አይገባም። ሂድና ልጅ ይዘህ ና።»

«እርስዎ ቢይዙኝስ?»

ትንሽ አሰበችበት። ከዚያ እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው፤ እንዳያለቅሱም መከረቻቸው።

እኔ የሰልፉን መጨረሻ ፍለጋ ወረድኩ። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ አህዮች ቆመው ያስጭናሉ። የሚጫኑት የሰፈራችን ሰዎች ናቸው። በጆንያው ውስጥ ያለው እህል አይደለም፤ እያንዳንዱ ሰው ለልጅ የተናገረው ነው። አጎቴ አንድ ኩንታል «ወንድ አይደለህ፣ ጠንከር በል» ተሸክሞ ጉልበቱ ይብረከረካል። ከኋላው የምንተስኖት የሒሳብ መምህር «ሆን ብሎ ነው» የሞላበት ጆንያ በጀርባው፣ ሌላ በትከሻው አድርጓል። እትዬ አፀደ «ስልክ ነው ያበላሸው» የሚለውን መሸከም አቅቷቸው መሬት ለመሬት ይጎትታሉ። እናቴም ተሰልፋለች። የያዘችው አንዲት ፌስታል ብቻ ናት፤ ውስጧ ምን እንዳለ አላሳየችኝም።

አንዲት ዳልቻ አህያ ወደ እኔ ዞራ የእኔ ጭነት የት እንዳለ ጠየቀችኝ። ምንም እንዳልተናገርኩ፣ እንዲያውም ምንተስኖትን አንድም ቀን እንዳልተቆጣሁት ነገርኳት። ከሚዛኑ ሥር ጭብጥ የማትሞላ ጥቅልል አውጥታ ትከሻዬ ላይ አስቀመጠች። ወገቤ ጎበጠ። ጥቅልሉ ውስጥ ያለው «ዛሬስ?» የሚለው ነበር። በየጠዋቱ ፊቱን ሲታጠብ በሩ ላይ ቆሜ የምጠይቀው እሱን ነው።

ጥቅልሉን ወፍጮው ውስጥ ጨመርኩት ወይስ ጣልኩት፣ አላስታውስም። ብቻ ተመልሼ ግቢያችን ውስጥ ነኝ፤ በሐኪሞቹ መጨረሻ፣ ከጎንደሩ ሐኪም ድንጋይ ኋላ ቆሜያለሁ። ምንተስኖት የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ተቀምጧል። በእጁ ዝርዝር ይዟል። ስም ይጠራል።

ይናገራል። ድምፁ ጎርንኗል። ዝም ባለበት ሰባት ወር ውስጥ ድምፁ መቀየሩ ነው፤ ይህን ድምፅ ከቤታችን ማንም ሰምቶት አያውቅም። ሕልሜ ከየት እንዳመጣው እንጃ።

«ዶክተር ሀብተወልድ» አለ።

መነጽር ያደረጉት ናቸው። ጫማቸውን እያዩ ዝም አሉ። ከጎናቸው ያለችው ሐኪም በጆሮዬ ነገረችኝ፤ ሰውየው ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ከተጠየቁበት ቀን ጀምሮ ስማቸው ሲጠራ አይናገሩም፣ የመጡትም ለዚያው ነው። በቃ አለፋቸው አልኩ። ምንተስኖት ግን ወደሚቀጥለው ስም አልሄደም። ሳጥኑን እየጎተተ ሄዶ ከጎናቸው ተቀመጠ። ሰልፉም ተቀመጠ። ማንም ሰዓቱን አላየም። ክረምት ገባ፣ ጋዋኖቹ በሰበሱ፤ ክረምት ወጣ፣ ጋዋኖቹ ደረቁ። በጓሯችን ያለው በቆሎ ደረሰና ሶልያና ጠብሳ ለሐኪሞቹ እኩል እኩል አካፈለቻቸው። በመስከረም፣ አንድ ቀን፣ ዶክተር ሀብተወልድ አፋቸውን ጠርገው «አቤት» አሉ።

ምንተስኖት ዝርዝሩ ላይ ምልክት አደረገላቸው። እጁን ስመው ወጡ።

ከዚያ የእኔን ስም ጠራ።

«ሰናይት።»

ልመልስ ፈለግኩ። የምለው ሞልቶኝ ነበር። ምን እንዳገኘው፣ ማን ምን እንዳደረገው፣ እኔ ያላየሁት ነገር ምን እንደሆነ ልጠይቀው ሰባት ወር ሙሉ አጠራቅሜያለሁ። አፌን ከፈትኩት። ምንም አልወጣም።

«ግድ የለም» አለኝ በዚያ በማላውቀው ድምፅ። «እጠብቅሻለሁ።»

ሳጥኑን ስቦ ከጎኔ ተቀመጠ። ትከሻው ትከሻዬን ነካው። በዚያው ቅጽበት እግሬን ውሃ ነካኝ።

«እግርሽን አንሺ፣ እህቴ።»

የጽዳት ሠራተኛዋ ነበረች፤ በመወልወያዋ አግዳሚ ወንበሩ ሥር ደርሳለች። የሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ ነን። ጠዋት ስንመጣ መቀመጫ ጠፍቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ነበር፤ አሁን የቀረነው እኔና ምንተስኖት ብቻ ነን። አጠገቤ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ አልተኛም።

ሲስተሯ የምርመራ ክፍሉን እየቆለፈች ነበር። ሮጬ ደረስኩባትና ዛሬ ቀጠሯችን መሆኑን፣ ቀኑን የያዝነው በየካቲት መሆኑን ነገርኳት። ዝርዝሩን አየችው። ስሙን በሩ ላይ ቆማ ሦስት ጊዜ ጠርታለች፤ «አቤት» የሚል ስለጠፋ አልፋዋለች። ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሆስፒታል ነው የሚሠራው፣ ወጥቷል። የሚቀጥለው ክፍት ቀን ኅዳር ላይ ነው።

«ሲስተር፣ እሱ እኮ አይናገርም» አልኳት። «የመጣነው ለዚሁ ነው።»

የሪፈር ወረቀቱን ሰጠኋት፤ ገልጣ አነበበችው። ፊቷ ተለወጠ።

«አዎ፣ እዚህ ተጽፏል» አለች ቀስ ብላ፣ ወረቀቱን እየመለሰችልኝ። «ተራ የምንጠራው ግን እንደዚህ ነው፤ ለሁሉም ሰው።»

ወደ ምንተስኖት ተመለስኩ። ስሙ ሲጠራ ሰምቶ እንደሆነ ጠየቅኩት። በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ሦስቱንም ጊዜ? አሁንም ነቀነቀ። ታዲያ ለምን አልቀሰቀስከኝም አልኩት፤ ሰባት ወር ሙሉ ያልተቆጣሁትን ልጅ ተቆጣሁት፤ ድምፄ ኮሪደሩን ሞላው።

የሪፈር ወረቀቱን ከእጄ ወሰደ። ከሲስተሯ እስክሪብቶ ተዋሰ። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጀርባው ላይ ጻፈና ሰጠኝ።

«ተኝተሽ ካየሁሽ ቆይቷል» ይላል።