ካፒታኖው የሚያርፍበት ጓሮ

ጎረቤቴ ትናንት ብቅ ብሎ «ጓሮዬን ላሳምር ነው፤ እንግዳ የሚጫወትበት፣ እኔም አረፍ የምልበት፣ ደግሞም ድካም የማይጠይቅ» ቢለኝ ደሜ ፈላ። ምን አጠፋ? ምንም። ደግ ሰው ነው። ግን ያችን ነገር እኔ ፊት ማን አንሣ አለው? ድካም የማይጠይቅ ጓሮ የለም፣ ወዳጄ። የደከመውን ሰው አለማየት ነው ያለው።

ነገሩ በጣሊያን ጊዜ ነው። እኔና ባለቤቴ ትርንጎ መተማ ዮሐንስ፣ ከከተማው ጫፍ ነበርን። ሰሊጥና ማሽላው የእኔ ነው፤ ከቤታችን ጀርባ ያለችው ቁራሽ መሬት ግን የእሷ። ለወጥ የሚሆን ወይካ ትተክላለች፣ ሎሚ አላት፣ ትልቅ ሾላ አላት። ከሾላው ሥር ደግሞ አባቷ የቆፈሩት የውሃ ጉድጓድ አለ። የመተማን ሙቀት ካላየህ ስለ ጉድጓድ ምን ብዬ ልንገርህ? በበጋ እንሽላሊቱ እንኳ ጥላ ለጥላ ነው የሚሄደው። ሰፈርተኛው በሙሉ ከእሷ ይቀዳል፤ ባለሱቁ ሐጂም፣ ከወሎ ለአጨዳ የመጣውም። ማንንም አትከለክል።

አንድ ቀን የጣሊያኑ አዛዥ መጣ። እኛ ካፒታኖው ነው የምንለው። ከጎኑ አስተርጓሚው ደምሴ አለ፤ የጎንደር ልጅ ነው። ካፒታኖው መሬቱን በዱላው እየነካካ ብዙ አወራ። ደምሴ ዐይኑን ሰብሮ፣ ካፒታኖው ደክሞታል አለን። አመሻሽ ላይ አረፍ የሚልበት፣ ከጎንደር የሚመጡ እንግዶቹን የሚጋብዝበት፣ ብዙ ድካም የማይጠይቅ ስፍራ ይፈልጋል፤ ጥላና ውሃ ስላለው ይኼንን ወዶታል። እኛስ? አልሁት። እናንተማ ከአጥሩ ወዲያ ትሆናላችሁ አለኝ።

ወይካው ተነቀለ። ሎሚው ተቆረጠ፤ እሾሁ የእንግዶቹን ልብስ ይይዛል ተባለ። ሣር አይተከል፤ ሣር አጨዳ ይፈልጋል። አበባም ጥቂት ይበቃል፤ አበባ እንክብካቤ ይፈልጋል። በቃ ድንጋይ ይነጠፍ! ድንጋይ ምን ያስቸግራል? ድንጋዩን ከጓንግ ወንዝ በጀርባችን የተሸከምነው እኛ ነን እንጂ እሱ ምን ቸገረው? ተነጠፈና ፀሐይ ሲመታው እንደ ምጣድ ጋለ፤ አላስቀምጥ አለ። ታዲያ ከሰዓት በኋላ ውሃ ይረጭበት ተባለ። የሚረጩት እነማን? ሴቶቻችን። ውሃውስ ከየት? ከትርንጎ ጉድጓድ። ለየቤታቸው ግን አንዲት ቅል መቅዳት ተከለከሉ። ወንዝ ይውረዱ! ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይላሉ። ቡዳስ በዐይኑ ብቻ ነው የሚበላው፤ ይኼኛው ጓሮአችንን በድንጋይ በላው።

እኔ ልለምን ሄጄ በአለንጋ ተመለስሁ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

ትርንጎ ግን አንድ እሑድ፣ እንግዶቹ ተሰብስበው ሲጠጡ፣ እንስራዋን አዝላ ከወንዝ ስትመለስ አጥሩ ጋ ቆመች። እንስራውን አወረደች። ነጠላዋን ታጠቀች። ከዚያ ያንን ምላሷን ፈታችው።

«የአባቴ ውሃ በሆድህ ይፍላ! የተቀመጥህበት ድንጋይ ደረትህ ላይ ይጫን! እንደ ሎሚዬ ከሥርህ ተቆረጥ!»

ካፒታኖው ወደ ደምሴ ዞረ። ደምሴ ላቡ ጠብ ጠብ እያለ አንድ ነገር ተናገረ። ከዚያ ምን ሆነ መሰለህ? አጨበጨቡ! ካፒታኖውማ ብድግ ብሎ አበባ ቀጠፈና እጅ ነሥቶ በአጥሩ ላይ አሻግሮ ሰጣት። ትርንጎ አበባውን አየች፤ እሱን አየች፤ ከኋላዋ ለቆመችው ፍየል አጎረሰቻት። ደግመው አጨበጨቡ።

በነጋታው ደምሴን ገበያ ላይ አግኝቼ ክሳዱን ያዝሁት። ምን ብለህ ነው የነገርሃቸው?

«በአገራቸው ወግ ጓሮውን እየመረቁላችሁ ነው አልሁ» አለኝ። «ጋሼ፣ እሳቸው ያሉትን ብል ኖሮ ዛሬ ሾላው ላይ ተሰቅለው ነበር የሚያዩዋቸው።»

እውነቱን ነው። ለቀቅሁት። ቤት ገብቼ ለትርንጎ ነገርኋት፤ ተመስገን ትላለች ብዬ። አታውቃትም! ጉድጓዷ ሲወሰድ ያላለቀሰችው ሴት ቁጭ ብላ አለቀሰች።

«መሬቴን ጣሊያን ወሰደው። ውሃዬን ጣሊያን ወሰደው። እርግማኔን ግን የአገሬ ልጅ ሰረቀኝ» አለች።

በኋላ እንግሊዝ ከሱዳን፣ ከገላባት በኩል መድፉን ሲያስጓራ፣ ካፒታኖው ማረፊያውን ጥሎ ወደ ደጋ ሸሸ። እኛ ከተደበቅንበት ጫካ ስንመለስ ቤታችን ግማሹ ተቃጥሏል፤ ጉድጓዱ ግን ደኅና ነው። ድንጋዩን መንቀል ጀመርን። እንዲህ ስንል ደምሴ መጣ። ጌቶቹ ጥለውት ሄደዋል። ልብሱ ተቀዳዷል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።

«እመት ትርንጎ፣ ስለ እግዚአብሔር፣ ውሃ» አላት።

ሰፈርተኛው ዱላ አነሣ። የእኔም እጅ ድንጋይ ይዟል። ትርንጎ ተዉ አለችን። በቅል ሙሉ ቀድታ ፊቱ ቆመች።

«ያን ቀን ያልሁትን አሁን በጣሊያንኛ በለው።»

«ሰዎቹ ሄደዋል እኮ፣ እመት።»

«አንተ አለህ።»

ደምሴ ዙሪያውን የቆምነውን አየ። ከዚያ ጀመረ። ቀስ ብሎ ነበር፤ ኋላ ድምፁ ከፍ አለ፤ ሲጨርስ እንባው በጉንጩ ወረደ። ከመሀላችን ከጣሊያንኛው አንዲት ቃል የተረዳ የለም። ዱላው ግን አንድ በአንድ ወረደ። ትርንጎ ዐይኗን ጨፍና ሰማችው፤ ቅሉንም አቀበለችው።

«በነሱ ቋንቋስ ይበልጥ ይጣፍጣል» አለች። «ጠጣና ድገመው።»