አንድ ዜሮ የጨመርኩበት የሕፃናት ሆስፒታል

ማስመሪያ የያዘ መምህር ሲመጣ ካያችሁ መሬታችሁን ደብቁ። እኔ ራሴ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ስለዚህ ምክሩን ከባለሙያ እንደመጣ ቁጠሩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወረታ ወጣ ብሎ፣ አስፋልቱ ዳር፣ አዲስ የሕፃናት ሆስፒታል ሊሠራ ነው ተባለ። መሐንዲሱ ንድፉን ለኮሚቴያችን ትቶ ለጥቂት ቀን ባሕር ዳር ሄደ። የኮሚቴው ሽማግሌዎች ወረቀቱን እያገላበጡ ሕንፃው እስከ የት እንደሚደርስ ጠየቁኝ። መሐንዲሱ ሲመለስ ይነግራችኋል ማለት እችል ነበር... ግን እስኪ እናንተው ፍረዱ፤ ዕድሜውን ሙሉ ካርታ ያስተማረ ሰው እንዲህ ይላል?

ጥግ ላይ ያለውን መስፈርት፣ ማለትም ወረቀቱ ላይ አንድ ሳንቲሜትር መሬት ላይ ስንት ሜትር እንደሆነ የሚናገረውን ቁጥር፣ አነበብኩ። ለካሁ፤ አባዛሁ። ገመድና ችካል ይዤ፣ ሽማግሌዎቹን አስከትዬ ሜዳው ላይ ወረድኩ። የግጦሹን መሬት ስናቋርጥ ላሞቹ ቀና ብለው አዩን። ሆስፒታሉ ግን አላልቅ አለ። የመጨረሻውን ችካል የተከልኩት የእማማ ይርገዱ የደረሰ ሩዝ መካከል ነው።

እማማ ይርገዱ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከዚያች ማሳ ሌላ የሌላቸው ሴት ናቸው። ይጮኹብኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ጎንበስ ብለው ችካሉን ነካ አደረጉና "ይሄ ሁሉ ለልጅ ነው?" አሉኝ።

"አዎ እማማ፣ ለልጅ ብቻ።"

ሩዜን የማነሣበት ሁለት ቀን ስጡኝ ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ። ስንመለስ አንዱ ሽማግሌ ነገሩኝ፤ እማማ ይርገዱ በወጣትነታቸው የታመመች ልጃቸውን አዝለው ሩቅ ሐኪም ቤት ሲሄዱ፣ ልጅቷ መንገድ ላይ ጀርባቸው ላይ እንዳለች ነው ያረፈችው።

ጎረቤቱ በደቦ ወጣ። እኔም አጨድኩ፤ ወገቤ እስከ ዛሬ ይቅር አላለኝም። ሩዙ እንደተነሣ መሐንዲሱ መጣ። ችካሎቹን በዓይኑ ተከተለ፣ ተከተለ... ዓይኑ ሜዳው ማዶ ሲደርስ ማን እንደለካ ጠየቀ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ለካ መስፈርቱ ላይ አንድ ዜሮ ጨምሬ ኖሯል! ሆስፒታሉ ግጦሹን እንኳ አይነካም።

እንደ ተቀጣ ተማሪ ሄጄ ለእማማ ይርገዱ ተናዘዝኩ። ማሳዬ ተረፈልኝ ብለው ደስ ይላቸዋል ስል፣ ፊታቸው ጠቆረ። ነጠላቸውን አጣፍተው በቀጥታ መሐንዲሱ ዘንድ ሄዱ፤ እኔም ከኋላ ከኋላ።

ሆስፒታሉ ለምን አነሰ ሲሉት፣ መሐንዲሱ ሥራው ትንሽ እንዳልሆነ በትዕግሥት አስረዳቸው። ሜዳው ክረምት ክረምት ስለሚጥለቀለቅ መሬቱን ከፍ ለማድረግ ብቻ የድንጋይ መኪና ለወራት እንደሚመላለስ፣ የራሱ ውኃና የራሱ መብራት እንደሚኖረው፣ በየሕፃኑ አልጋ አጠገብ ለእናቲቱም አልጋ እንደሚዘረጋ ነገራቸው። የእናቲቱን አልጋ ሲጠቅስ እማማ ይርገዱ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። እስኪጨርስ አዳመጡና "ደግ ነው፤ ግን በመምህሩ ልክ ሥሩት" አሉት።

"እናቴ፣ በመምህሩ ልክ ከሆነ እኮ ክረምት ጣና ሲሞላ ግማሹ ውኃ ውስጥ ይገባል።"

"ይግባ" አሉ እማማ ይርገዱ። "ልጅ ውኃ ይወዳል።"