የቡልጋሪያ ድርሻ

ዜና ሰምቶ የሚረዳ ሰው የሌለበት ሰፈር ብዙ ነው። ዜና ሰምቶ ለሌላው የሚያስረዳ ሰው የሌለበት ሰፈር ግን አዲስ አበባ ላይ ገና አልተቆረቆረም።

የካዛንችሱ ክቡር አስረጂ ጋሽ ግርማይ ጎሚስታው ነበሩ። ሬዲዮናቸው የተቆለሉ አሮጌ ጎማዎች ላይ ተሰይሞ ይውላል። ዜና ሲጀምር ኮምፕሬሰሩ ይጠፋል፤ ጎማው የተነፈሰበት ባለታክሲ እየተቁነጠነጠ ይጠብቃል። ዜናው ሲያልቅ ክቡርነታቸው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «ቁጥሩን ሰማችሁ፤ አሁን ውስጡን ልንገራችሁ» ይላሉ።

ውስጡ ሁልጊዜ ጉድ ነበር። አንድ ዓመት የስምንተኛ ክፍል አማካይ ውጤት በሁለት ነጥብ ጨመረ ተባለ። ጋሽ ግርማይ ለእያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ሁለት ነጥብ ተጨምሮለታል ብለው ተረጎሙት። ወይዘሮ እጸገነት በማግስቱ ልጃቸውን አስከትለው ትምህርት ቤት ሄዱና፣ «የኛን ሁለት ማን ወሰደው?» ብለው ሰው ሰበሰቡ። ሌላ ጊዜ ደግሞ መነጽር የሚያደርጉ ተማሪዎች የተሻለ ውጤት አላቸው የሚል ዜና ተላለፈ። በሳምንቱ አሉላ የአያቱን መነጽር ሰክቶ ክፍል ሲገባ ከበሩ ጋር ተጋጨ።

ሉሊ ይህን ሁሉ እየሰማች በሆዷ ትስቃለች። ዓይን አፋር ስለሆነች ጮክ ብላ ስቃ አታውቅም። የሷ ተራ ሲደርስ ግን ሳቁም ጠፋ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል የተፈተነች ዓመት፣ ከመቶ ተፈታኝ ያለፉት ሦስት ገደማ ናቸው ተባለ። ኮምፕሬሰሩ ጠፋ። ጋሽ ግርማይ በጣታቸው ቆጠሩ። ከሰፈሩ የተፈተኑት ሠላሳ ቢሆኑ ነው፤ ስለዚህ ለሰፈሩ የሚደርሰው አንድ ብቻ። እንደ ቀበሌ ስኳር ማለት ነው፣ በኮታ። ያችን አንዷን ደግሞ የፋርማሲስቱ ልጅ ፍሬሰላም በጠዋቱ ወስዳታለች። «በቃ፣ አልቋል» አሉ፣ ከልባቸው አዝነው።

የሉሊ ውጤት ገና አልታየም ነበር፤ ድረ ገጹ ተጨናንቆ አልከፈት ብሏል። እናቷ ወይዘሮ አጸደ ግን ትንታኔውን ሰምተው አልጋቸው ላይ ወጡ፤ ነጠላቸውን ተከናንበው እህል አልቀምስም አሉ። ሉሊ ልታስረዳቸው ብትሞክር፣ «ጋሽ ግርማይ ያሉት መቼ ስቶ ያውቃል?» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ሉሊ እንደምንም ደፍራ ወደ ጎሚስታው ሄደች። መቶኛው የአገር እንጂ የሰፈር እንዳልሆነ፣ አንዷ ስላለፈች ሌላዋ እንደማትከለከል፣ ዓይኗን ጎማው ላይ ተክላ ነገረቻቸው። ጋሽ ግርማይ በጣታቸው እንደገና ቆጠሩ።

«ገባኝ» አሉ በመጨረሻ። «ለእናትሽ ግን እንዲህ አይነገራትም። በኮታ ያስለቀስኳትን በኮታ ነው የማባብላት።»

እጃቸውን ታጥበው፣ የክት ጃኬታቸውን ለብሰው መጡ። ከአልጋው አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«አጸደ፣ መታወቂያሽ መጀመሪያ የወጣው የት ነው?»

«ቡልጋሪያ ሰፈር፣ ያደግኩበት ቀበሌ» አሉ ወይዘሮ አጸደ ከነጠላው ውስጥ።

«እንግዲያው ውስጡን ልንገርሽ። ልጅ በእናቷ ነው የምትቆጠረው። የቡልጋሪያ ድርሻ ደግሞ ገና አልተነካም።»

ወይዘሮ አጸደ ቀና ብለው ተቀመጡ። ምሳም በሉ።

ውጤቱ ሲታይ ሉሊ አላለፈችም፤ ለሬሜዲያል ግን በቅታለች። ጋሽ ግርማይ በሩ ላይ ቆመው የቡልጋሪያ ድርሻ ለከርሞ መዛወሩን አበሠሩ። ስኳሩም ሲዛወር የኖረ ነውና እናትየዋ አመኑ። ጋሽ ግርማይ ከዚያ ወደ ሉሊ ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንቺ ደግሞ አጥኚ» አሏት። አጠናች፤ በከርሞው ዩኒቨርሲቲ ገባች። እናቷ እስከ ዛሬ የቡልጋሪያን ሰው ሲያገኙ ያመሰግናሉ።

ካዛንችስ ከፈረሰ ወዲህ ጎሚስታ ቤቱም፣ የጎማው ክምርም የለም። ጋሽ ግርማይ ከከተማ ወጣ ብለው ልጃቸው ዘንድ ይኖራሉ። ሉሊና እናቷ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። እዚህ ዜና የሚሰማው በር ተዘግቶ ነው፤ ቁጥሩ እንደተነገረ፣ ውስጡ ሳይነገር ያድራል።

ዘንድሮ የፈተናው ዜና የተነገረ ዕለት፣ ሉሊ የጎረቤቷን ልጅ ጃለኔን ደረጃው ላይ አገኘቻት። ስልኳን ጨብጣ ታለቅሳለች። ውጤቷ ገና አልተከፈተላትም፤ ከሕንፃው ግን አንድ ልጅ አልፏል፣ ያለፈው ሰው ደግሞ ጥቂት ነው፤ ከእንግዲህ ለሷ የሚተርፍ አልመሰላትም።

ሉሊ ስለ መቶኛ ልታስረዳት አፏን ከፈተችና ተወችው። አጠገቧ ቁጭ አለች።

«ጃልዬ» አለቻት፣ «የእናትሽ መታወቂያ መጀመሪያ የወጣው የት ነው?»